ማን አየው?

የባለቤቴን ሞት የነገረችኝ ነርሷ አይደለችም። እሷ ከመድረሷ በፊት ሰምቼው ነበር።

ከሕሙማኑ ክፍል ውጪ፣ በረጅሙ መተላለፊያ ላይ፣ ግድግዳ የተደገፈ አግዳሚ ወንበር አለ። ጠዋት ጠዋት አስታማሚው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ይቀመጥበታል። በመስኮቱ በኩል ያለው ጫፍ ላይ ግን ሰው አይቀመጥም፤ ቦርሳና የምግብ ዕቃ ብቻ ይደረደርበታል። ያን ዕለት ከደረጃው ብቅ ስል አንዲት ሴት ቀና ብላ አየችኝና ቦርሳዋን ከዚያ ጫፍ ላይ አነሳች። አጠገቧ የነበረው ሽማግሌም ፔርሙሱን አነሳ። ማንም ምንም አላለኝም። ያ ጫፍ ለማን እንደሚለቀቅ አውቅ ስለነበር ሄጄ ተቀመጥኩበት። ነርሷ መጥታ «እማማ፣ እስቲ ትንሽ አረፍ ይበሉ» ስትለኝ አርፌ ነበር።

ጭኔ ላይ በያዝኩት ከረጢት ውስጥ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ አንድ እስክሪብቶና ሰማያዊ ሽፋን ያለው የአንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጥናት ነበር። ሸሚዙን ያመጣሁት በራሴ ነው። እስክሪብቶውንና ጥናቱን ያመጣሁት እሱ ስላዘዘኝ ነው። ይህን ሁሉ የምጽፈውም በዚያ እስክሪብቶ ምክንያት ነው።

ባለቤቴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጥናት ዘዴ ያስተምር ነበር። ትልቅ ስም የነበረው ሰው አይደለም። ቢሮውን ከአንድ ወጣት መምህር ጋር ይጋራል፤ ምሳውን ከቤት ይዞ ይሄዳል፤ ስብሰባ ላይ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል። ሥራው ተማሪዎች ሰው መሃል ገብተው ያዩትንና የሰሙትን እንዴት አድርገው በወረቀት እንደሚያሰፍሩ ማስተማር ነው። ሲያርም በእርሳስ ነው። እርሳሱን በምላጭ ይቀርጽና ፍርፋሪውን ምንጣፌ ላይ ያራግፋል፤ በትዳራችን ዘመን ከተጣላንባቸው ነገሮች የሚበዙት ከዚህ ምንጣፍ ጋር የተያያዙ ናቸው። እስክሪብቶ የሚያነሳው ለፊርማ ብቻ ነው። «እርሳስ ሐሳብ ነው፣ እስክሪብቶ ግን ቃል ነው» ይላል።

ተማሪ አንድ ነገር ጽፎ ከየት እንዳመጣው ካልታወቀ፣ በኅዳጉ ላይ ሁለት ቃል ይጽፋል፦ «ማን አየው?» ከዓመት ዓመት ይህንኑ ስለሚጽፍ ተማሪዎቹ ስሙን ትተው «ማን አየው» ይሉት ጀመር። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ጓደኛውን ጎሸም አድርጎ «ማን አየው መጣ!» ሲል ሰማነው። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ቤት እስክንደርስ ፈገግ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ወዲያ «ስኳሩን ማን ጨረሰው?» ስለው «ማን አየው?» እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

ሌላም ሕግ ነበረው። በጥናት ውስጥ «እኔ» የሚል ቃል አይወድም። «ጥናት ለእናታችሁ የምትጽፉት ደብዳቤ አይደለም፤ ከገጹ ላይ ውጡልኝ» ይላቸዋል። ደግሞ ተማሪዎች የሚፈሩት ወንበር ነበረው። ጥናቱን የጨረሰ ተማሪ ቢሮው መጥቶ ፊቱ ይቀመጥና ያለ ወረቀት ሥራውን ይተርካል። ያየ ሰው ይንተባተባል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ «አይ፣ እንደሱ አይደለም» ይላል። እሱ የሚያምነው ይህንኑ መንተባተብ ነበር።

ከዚያ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር መጣ።

ቤታችን ያስገባችው ልጃችን ናት። ኢንሹራንስ ቤት ነው የምትሠራው፤ ለደንበኞች የምትልከውን ደብዳቤ እሱ እንደሚያዘጋጅላት ትናገራለች። አንድ እሁድ ከሰዓት ስልኳን ለአባቷ አቀበለችው።

«አባዬ፣ የፈለግከውን ጠይቀው።»

«ማንን?»

«ይሄን። ሁሉን ያውቃል።»

«ሁሉን የሚያውቅ ሰውማ ቤታችን አለ፤ እናትሽ።»

«ጠይቀው ባክህ!»

መነጽሩን አድርጎ በአንድ ጣቱ እየለቀመ ስለ ራሱ ጠየቀው። ስሙን፣ የሚያስተምርበትን ክፍል ጻፈለት። መልሱ ወዲያው ተንዠቀዠቀ። ታዋቂ ምሁር ነው አለው። ስለ ገጠር ጋብቻ የጻፈው መጽሐፍ በዘርፉ ትልቅ ቦታ አለው አለው። ባለቤቴ ስለ ገጠር ጋብቻ አንድ መስመር ጽፎ አያውቅም።

«ባልጻፍኩት መጽሐፍ እንዲህ ካመሰገነኝ፣ ብጽፍ ምን ሊለኝ ነው?» አለ።

«ታዲያ የመጽሐፉን ክፍያ ጠይቀዋ» አልኩት።

ልጃችን ሳቀች። እሱም ሳቀ። ስልኩን ሲመልስላት ግን በሁለት ጣቱ ጫፍ ነው የያዘው፣ የሞተ አይጥ ከቤት እንደሚያወጣ ሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ የማሽኑ ስም «አፈ ቅቤው» ሆነ።

በሚቀጥለው ሴሚስተር ሲኮላተፉ የነበሩ ተማሪዎቹ ሁሉ አንደበተ ርቱዕ ሆኑ። ወረቀቶቹን ገበታው ላይ ደርድሮ ከአንዱ ወደ አንዱ ይመለከታል። «ሁሉም አንድ እናት የወለደቻቸው ይመስላሉ» ይለኛል። ቢሮ የሚጋራው ወጣት መምህር ደግሞ ለትምህርቱ የሚያዘጋጀውን ማስታወሻም፣ የፈተናውንም ጥያቄ በአፈ ቅቤው ያሠራ ነበር፤ ሳይደብቅ፣ እንዲያውም እየተኩራራ። አንድ ቀን የተማሪዎቹንም ወረቀት ሲያሳርመው አገኘው።

«ተማሪው በእሱ ይጽፋል፣ አንተ በእሱ ታርማለህ» አለው ባለቤቴ። «ታዲያ እኔና አንተ እዚህ ምን እንሠራለን?»

«ሻይ እንጠጣለና፣ ጋሼ።»

ቤት ገብቶ ሲነግረኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ጥርጣሬ አንዴ ከገባ የሚያድርበትን ክፍል አይመርጥም። የዲኑን ማስታወቂያ ይጠረጥራል። የጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽ እያነበበ «ይህን ሰው አልጻፈውም» ይላል። በልደቱ ቀን ልጃችን በስልክ መልእክት ላከችለት፤ ይዞት ወደ ማዕድ ቤት መጣ።

«‹የሕይወቴ ብርሃን› ትለኛለች። እሷ ብርሃን ብላኝ ታውቃለች?»

«ልጅህ ናት። ብትልህስ ምን አለበት?»

«አምና ‹ሸመገልክ እኮ› ነው ያለችኝ።»

«እሱን ወደህላት ነበር?»

«እሱን እሷ ናት ያለችው» አለና ተመልሶ ሄደ። እስከ መጨረሻው ልጃችንን አልጠየቃትም። እኔም አልጠየቅኳትም።

ሰማያዊ ሽፋን ያለው ጥናት የመጣው በዚህ መሃል ነው። የጻፈችውን ልጅ በክፍሉ ውስጥ «ዝምተኛዋ» ነው የሚሏት። ለሁለተኛ ዲግሪዋ ያጠናችው ሆስፒታል መተላለፊያ ላይ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች እርስ በርስ እንዴት እንደሚኗኗሩ ነው፤ ማን ለማን ቦታ እንደሚይዝ፣ ምግብ እንዴት እንደሚካፈሉ፣ ማን የማንን ልጅ እንደሚያቅፍ። አማካሪዋ ባለቤቴ ነበር። እሱ ካልፈረመ አትመረቅም። ካልተመረቀች ደግሞ አንድ ኮሌጅ በረዳት መምህርነት ሊቀጥራት የያዘላት ቦታ፣ የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ገበታው ላይ ሆኖ እያነበበ ድንገት ድምፁን ከፍ አደረገ፦ «‹በመስኮቱ በኩል ያለው የአግዳሚው ጫፍ ክፉ ዜና ለሰማ ሰው የተተወ ነው። ይህን ያዘዘ የለም፤ የማያውቅም የለም።›»

«ያምራል» አልኩ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ።

«በጣም ያምራል» አለ እሱ። ከእሱ አፍ ሲወጣ ፍርድ ነበር። «ማን ነገራት? መቼ አየች? ማንን ጠይቃ? ምንም የለም። ከሰማይ የወረደ ዓረፍተ ነገር ነው።» በኅዳጉ ላይ እርሳሱን ጫን አድርጎ ጻፈ፦ «ማን አየው? የማሽን ሥራ ነው።»

ቢሮው ጠርቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጣት። ማታ የነገረኝ እንዲህ ነው፦ በክፍል ውስጥ አፏን ከፍታ የማታውቅ ልጅ እንደ ውኃ ፈሰሰች። አልተንተባተበችም። «በመጀመሪያ ደረጃ»፣ «ከዚህም በተጨማሪ»፣ «በአጠቃላይ ሲታይ» እያለች የጠየቃትን ሁሉ መለሰች። ስለ መስኮቱ ጫፍ ሲጠይቃት «የማኅበረሰብ ያልተጻፈ የመተሳሰብ ሥርዓት ማሳያ ነው» አለችው። ጥናቱን ሳይፈርም አስቀረው። እሷም ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

«ከተሳሳትክስ?» አልኩት።

«ከተሳሳትኩ ተመልሳ ትመጣና ትከራከረኛለች። እውነት ያለው ሰው ይጮሃል።»

«ዝምተኛ ናት አላልከኝም?»

ምላጩን አነሳና እርሳሱን መቅረጽ ጀመረ። እኔም ምንጣፌን አየሁ።

ከዚያ የቆየ የሆድ ሕመሙ በረታበት። ለምርመራ ሆስፒታል ስንመላለስ ቆየንና ውጤቱን እንዲሰማ ተጠራ። «ብቻዬን ልግባ» ስላለ እኔ መተላለፊያው ላይ ቀረሁ። ሲወጣ ፊቱን አይቼ ተነሳሁ። ከእኔ በፊት ግን የተነሳው የሰዎቹ ቦርሳ ነው። አንዷ ከረጢቷን ሳበች፣ አንዱ ኮቱን አነሳ፣ በመስኮቱ በኩል ያለው ጫፍ ባዶ ሆነ። ባለቤቴ ሳያስበው ሄዶ ተቀመጠበት። ጥቂት ቆይቶ አግዳሚውን በመዳፉ ዳሰሰው።

«አንቺ» አለኝ፣ «ይሄ እኮ ነው።»

«ምኑ?»

«ጫፉ።»

ግራና ቀኙን አየ። አጠገቡ ወደነበረችው አሮጊት ዞረ።

«እናቴ፣ እዚህ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው እንዴ?»

«ማን ይከለክላል?» አለችው። «አንተ ተቀመጥ፣ ልጄ። አሁን ያንተ ነው።»

ሐኪሙ የነገረውን እኔ የሰማሁት ቤት ገብተን ነው። እዚያ መተላለፊያ ላይ መጀመሪያ የነገረኝ ስለ ልጅቷ ነበር። «አይታዋለች» አለኝ። «ልጅቷ አይታዋለች።»

ብዙም ሳይቆይ እዚያው ሆስፒታል አስተኙት። አልጋው ላይ ሆኖ ጥናቱን እንዳመጣለት አዘዘኝ።

«እስክሪብቶም አምጪ።»

«እርሳስ ማለትህ ነው?»

«እስክሪብቶ አልኩሽ እኮ።»

«ልትፈርምላት ነዋ!»

«አንድ ነገር ከጠየቅኳት በኋላ።»

«አንተ ሰውዬ፣ አሁንም ትጠረጥራለህ?»

«ማየቷን አምናለሁ» አለ። «ያየች ሰው ግን ያላየ ሰው ይመስል ለምን ትናገራለች? ይህቺን ብቻ ልጠይቃት። ጥሪልኝ።»

ቁጥሯን ከስልኩ አውጥቼ ደወልኩ። አላነሳችም። ደግሜ ደወልኩ፤ ዘጋችው። «ነገ ትመጣለች» ብዬው ሸሚዙን ልተኩስ ወደ ቤት ሄድኩ። በማግስቱ የሆነውን መጀመሪያ ላይ ጽፌዋለሁ።

ከቀብር በኋላ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ባልደረቦቹን ይዞ ቤት መጣ። ከስልኩ ላይ የሐዘን መግለጫ አነበበ። ባለቤቴ «የዘመኑን ቴክኖሎጂ በሰፊ ልብ የተቀበለ፣ ለትውልድ የእውቀት ችቦ የለኮሰ» ነበር አለ። አጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤታችን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ይሄ ስለ ሌላ ሰው ነው እንዴ?» አለችኝ። ሳቄ መጣ፤ በነጠላዬ አፌን ሸፈንኩ፤ ሰው ያለቀስኩ መሰለው። ወጣቱ መምህር ግን መሬት መሬት ያይ ነበር። ማን እንደጻፈው እሱ ሳያውቅ አይቀርም።

በሳምንቱ ጥናቱን ይዤ ኃላፊው ቢሮ ሄድኩና የሆነውን ነገርኩት። የእስክሪብቶውንም ነገር ነገርኩት።

«እትዬ፣ አዝናለሁ» አለ። «የሟቹ አስተያየት በጽሑፍ አለ፤ ‹የማሽን ሥራ ነው› ይላል። እርስዎ የሚሉት ደግሞ በቃል የተነገረ ነው። ነገሩን ኮሚቴ ያየዋል።»

«እስክሪብቶ ሲያስመጣ ለፊርማ ነው። አብራችሁት ሠርታችሁ የለም እንዴ?»

«እስክሪብቶ ማስረጃ አይሆንም።» ከዚያ ድምፁን ትንሽ ዝቅ አድርጎ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልጅቷ ዘመድዎ ናት?» አለኝ።

ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

ልጃችን ስትሰማ ተናደደች። «ቀላል ነው፣ እማዬ» አለችኝ። «የአባዬን የቆዩ ጽሑፎች ለአፈ ቅቤው ልስጠውና ልክ እሱ እንደሚጽፈው አድርጎ አንድ ደብዳቤ ይጻፍልን። ‹አስተያየቴን አንስቻለሁ› የሚል። ውሸት እኮ አይደለም፤ ብሏላ!»

«ብሏል።»

«ታዲያ?»

እውነት ነው፣ ብሏል። ያን ደብዳቤ ሳስበው ግን፣ በእሱ አነጋገር፣ በእሱ አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ከሞተ በኋላ የተጻፈ፣ እሱ ራሱ በኅዳጉ ላይ የሚጽፈው ታየኝ። «‹ማን አየው?› ቢለኝስ?» አልኳት። አለቀሰች። ስትረጋጋ ደግሞ ሌላ መላ አመጣች። «እርሳስ አይደል? ላጲስ ስጪኝ።» ጥናቱን ከፊቷ አንስቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ዝምተኛዋ የመጣችው ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ እኔ አስጠርቻት ነው። በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሻይ አቀረብኩላት፤ አልነካችውም።

«ደውዬልሽ ነበር፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ፣ እማማ። እንደገና ወንበሩ ላይ ሊያስቀምጡኝ መስሎኝ ነው። አሁንም የጠሩኝ…» አልጨረሰችውም። በጥርጣሬ ነበር የምታየኝ። አልፈረድኩባትም።

«ሊፈርምልሽ ነበር» አልኳት።

አላመነችኝም። እስክሪብቶውን አሳየኋት። የእስክሪብቶውን ትርጉም ከኃላፊው በተሻለ ታውቀዋለች፤ እንባዋ መጣ።

«አንድ ነገር ሊጠይቅሽ ፈልጎ ነበር። ያየሽውን ያላየ ሰው ይመስል ለምን ተናገርሽ?»

በፍጥነት ሳይሆን፣ እየቆመች፣ ወደ ኋላ እየተመለሰች ነገረችኝ። ጥናቱን የሠራችው በገዛ ዓይኗና በገዛ እጇ ነው። ወንበሩን ግን ፈራችው። ሰው ፊት ቃል ይጠፋባታል። ስለዚህ የጻፈችውን በሙሉ ለማሽኑ ሰጥታ፣ መምህሩ ምን ሊጠይቃት እንደሚችልና ምን ብላ ብትመልስ እንደሚያምር ጠየቀችው። መልሶቹን በቃሏ ሸመደደች። የገዛ ሥራዋን በሌላ አፍ ነው የመለሰችለት።

«የመስኮቱስ ጫፍ?» አልኳት። «እሱን እንዴት አየሽው?»

«እናቴን ሳስታምም፣ አይ፣ እሷን እንኳ ሳይሆን… ያን ቀን ውኃ ልገዛላት ወጥቼ ነው። ስመለስ ቦርሳ አነሱልኝ። ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ዝም ብዬ ተቀመጥኩበት። በኋላ ነው የገባኝ። ጥናቱንም የጀመርኩት በዚያ ነው።»

«ታዲያ እንዲህ ብለሽ አትጽፊውም ነበር?»

«‹እኔ› አትበሉ ብለውናል እኮ» አለችኝ። «ከገጹ ላይ ውጡልኝ ብለዋል። ወጣሁ።»

ላልዋሽ፣ ለአፍታ አንድ ሐሳብ ሽው አለብኝ፦ ይህንንስ ማን ጻፈላት? ከእሱ ጋር የኖርኩበት ዘመን ትቶልኝ የሄደው ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ እጇን አየሁ። የሻይ ብርጭቆውን ይዛ ሳትጠጣው እያዞረችው ነበር። የነገረችኝን በሌላ ሰው አፍ አልነገረችኝም። እኔም እዚያ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ።

ለኮሚቴው ያየሁትንና የሰማሁትን በእጄ ጽፌ አስገባሁ። «እኔ» የሚለውን ቃል አልፈራሁትም። ዝምተኛዋም በመስኮቱ ጫፍ ዓረፍተ ነገር ላይ የእናቷን ነገር ጨምራ ጥናቱን መልሳ ጻፈች፤ ይቀበሉት አይቀበሉት አልታወቀም። ወጣቱ መምህር ኮሚቴው ውስጥ አለበት። መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ የኔን ጽሑፍ ሰው ይሁን ማሽን የጻፈው ለይቶ የሚናገር ፕሮግራም ውስጥ እንዳስገቡት አፍሮ ነገረኝ። ፕሮግራሙ ምን እንዳለ አልጠየቅኩትም።

ኮሚቴው ገና አልተሰበሰበም። የትምህርት ዘመኑ ሊያልቅ ነው። በኅዳጉ ላይ ያለው የእርሳስ ጽሑፍ እንዳለ ነው፤ አላጠፋሁትም። መጨረሻው ገጽ ላይ «የአማካሪው ፊርማ» ከሚለው ፊት ያለው መስመር ባዶ ነው።